ጥቅስ ከነምክንያቱ፦ የሚወዱትን አባባል መርጦ፣ አጣርቶና መዝግቦ የመያዝ ዘዴ

ጥቅስ የሚወድ ሰው ስልኩ ውስጥ በፎቶ የተቀመጠ፣ ከወዳጅ የተላከ፣ ካነበበው መጽሐፍ የተገለበጠ ብዙ አባባል አይጠፋም። «እስቲ ሦስቱን በቃልህ በል» ቢባል ግን ብዙ ጊዜ አንዱም በቅጡ አይመጣለትም። ዐረፍተ ነገሩ ተቀምጧል፤ የተቀመጠበት ምክንያት ግን አልተቀመጠም። ያን ዕለት አንባቢው ምን ገጥሞት እንደነበር፣ ቃሉም የትኛውን ጉዳዩን እንደነካበት ካልተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ የሚቀረው ያማረ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዘዴ ይህን የጎደለ መስመር ለመሙላት ነው። ምንጭ ማጣራቱም ሆነ ማውጫ ማዘጋጀቱ ለእሱ መንገድ ይጠርጋሉ። (ሌላ ካልተባለ በቀር ቀናቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በምን ላይ ይጻፍ

ደብተር፣ ካርድ ወይም የስልክ ማስታወሻ ይሆናል። ሦስቱም ይሠራሉ፤ ጉድለታቸው ግን ለየቅል ነው። ደብተር አይበተንም፤ ግን የተጻፈበትን ቅደም ተከተል መለወጥ አይቻልም። ካርድ ያፈናቅሉታል፣ ይቀያይሩታል፣ ከኪስ ይይዙታል፤ ግን ይጠፋል። ስልክ በፍለጋ ያገኝልዎታል፤ ነገር ግን ቀድቶ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ያልታሰበበት ነገር በቀላሉ ይከማችበታል። ለጀማሪ የሚሻለው ካርድ ነው፦ ኤ6 የሚባለው መጠን (10.5 በ14.8 ሳንቲ ሜትር)፣ ወፈር ያለ ወረቀት፣ በአንድ ካርድ አንድ አባባል። ከፊት አባባሉና ምንጩ፣ ከጀርባ ምክንያቱ ይጻፋል። ካርዱ ላይ የማይበቃ ጥቅስ ረዝሟል ማለት ነውና ዋናውን ክፍል ለይተው ያውጡ። በስልክ መያዝ የሚፈልግም ቢሆን መጀመሪያ በእጅ ይጻፍ፣ ከዚያ ይተይብ።

ብዛቱን በተመለከተ ገደብ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ «በሥራ ላይ» ያለው ጥቅስ ከ12 አይብለጥ፤ ለመጀመሪያው ወር 5 ይበቃል። ሌላው በተጠባባቂ ሳጥን ይቀመጥ። መቶ ጥቅስ ያለው ሰው ሲቸገር የትኛውን እንደሚያነሣ ግራ ይገባዋል፤ አምስት ያለው ግን ያውቀዋል።

መምረጥ፦ ጆሮ የወደደውን ሁሉ አለማመን

አባባል ባነበቡበት ቅጽበት አይመዝግቡ። በጊዜያዊ ወረቀት ላይ ጣል አድርገው ሦስት ቀን ይተዉት። በአራተኛው ቀን ሳያዩት ሐሳቡን በራስዎ ቃል መናገር ከቻሉ ለምርመራ ይለፍ። ካልቻሉ የወደዱት ዜማውን ነበር።

ዜማ ያታልላል ሲባል ዝም ብሎ አይደለም። በ2000 ማቲው ማግሎንና ጄሲካ ቶፊግባክሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ቤት የሚመታውን አባባል፣ ተመሳሳይ ትርጉም ካለው ግን ቤት ከማይመታው ይልቅ እውነት አድርገው ተቀብለውታል። ተሳታፊዎቹ የአባባሉን ውበት ከሐሳቡ ለይተው እንዲመዝኑ ሲነገራቸው ግን ልዩነቱ ቀንሷል። አማርኛ ቤት መምታት ይወዳልና ይህ አደጋ እኛ ዘንድ ሰፊ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ይውሰዱ። አፍ ላይ ይጥማል፤ ማንም አይከራከረውም። ቤቱን አፍርሰው «ሰውን የሚያምን ሁሉ ይጎዳል» ብለው ሲጽፉት ግን ወዲያው «ሁሉ? ሁልጊዜ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ይህ ነው፦ አባባሉን ዜማ በሌለው፣ ደረቅ በሆነ ቋንቋ መልሰው ይጻፉት። ሐሳቡ ያኔም ከቆመ ይያዙት።

ሁለተኛው ፈተና መገልበጥ ነው። አባባሉን ወደ ተቃራኒው ይቀይሩትና ያንብቡት። «ጸጥታ የነፍስ ብርሃን ነው» ብለው «ብርሃን የነፍስ ጸጥታ ነው» ቢሉት ያው ጥልቅ ከመሰለ መጀመሪያውኑ ባዶ ነበር። በ2015 ጎርደን ፔኒኩክና ባልደረቦቹ በካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ይህን የመሰለ ነገር ፈትነዋል። ከባድ ከባድ ቃላትን ኮምፒውተር በዘፈቀደ እንዲገጣጥም አድርገው የወጣውን ዐረፍተ ነገር ሰዎች እንዲመዝኑ ሰጡ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ ትርጉም የሌለውን ነገር በመጠኑም ቢሆን ጥልቅ ብለውታል። «ኃይል»፣ «ሕልውና»፣ «ፍጹም»፣ «ውስጣዊ» የሚሉት ቃላት በአንድ መስመር ላይ ሦስት ሆነው ሲሰለፉ ጥርጣሬ ይግባዎት።

ሦስተኛው ፈተና አጭር ነው፦ አባባሉ ነገ ጠዋት ምን እንድሠራ ወይም ምን እንድተው ይነግረኛል? መልስ ከሌለው ውበቱን ያድንቁለትና ይለፉት። የሚያጽናና ጥቅስ ግን ከዚህ ፈተና ነጻ ነው፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ሥራ የማያዝዝ ቃል ሊያስፈልገው ይችላል። እሱን በሌላ ቀለም ካርድ ላይ ይጻፉት።

ምንጩን ማጣራት

ይህ ክፍል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። «ማን እንዳለው ምን ያደርጋል፣ ቁም ነገሩ ሐሳቡ ነው» የሚል ክርክርም አለ። ክርክሩ ለምሳሌያዊ አነጋገር ይሠራል፤ ተናጋሪው ሕዝብ ነውና። ከስም ጋር የሚመጣ ጥቅስ ግን ግማሽ ክብደቱን የሚያገኘው ከስሙ ነው። ማንዴላ ስላለው ተቀብለውት ከሆነ ማንዴላ አለማለቱን ሲሰሙ ምክንያቱም አብሮ ይናዳል።

ማንዴላን ለምሳሌ ማንሣታችን በከንቱ አይደለም። «ከሁሉ የከፋው ፍርሃታችን ደካሞች መሆናችን ሳይሆን ከልክ በላይ ኃያላን መሆናችን ነው» የሚል መንፈስ ያለው ሰፊ ጥቅስ በ1994 በዓለ ሲመታቸው ላይ እንደተናገሩት ተደርጎ ለዓመታት ሲዞር ኖሯል። በንግግሩ ውስጥ ግን የለም፤ የተወሰደው አሜሪካዊቷ ማሪያን ዊሊያምሰን በ1992 ካሳተመችው መጽሐፍ ነው። «በምትለው አልስማማም፤ የመናገር መብትህን ግን እስከ ሞት እከላከላለሁ» የሚለውም በቮልቴር ስም ይጠቀሳል። ቮልቴር የሞተው በ1778 ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን የጻፈችው ስለ እሱ መጽሐፍ ያዘጋጀችው ኤቭሊን ቢያትሪስ ሆል ናት፣ በ1906፣ የእሱን አመለካከት በራሷ ቃል ስታጠቃልል።

ትላልቅ ተቋማትም ይሳሳታሉ። ዋሽንግተን ላይ በ2011 በተመረቀው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ድንጋይ ላይ «የፍትሕ፣ የሰላምና የጽድቅ ከበሮ መሪ ነበርኩ» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተቀርጾ ነበር። ኪንግ በየካቲት 4 ቀን 1968 ባሰሙት ስብከት ላይ የተናገሩት ግን በ«ከ» የተንጠለጠለ ነው፦ ከበሮ መሪ ነበረ ማለት ከፈለጋችሁ የፍትሕ ከበሮ መሪ ነበረ በሉ። ቅድመ ሁኔታው ሲቆረጥ ትሑቱ ንግግር ትምክሕት ሆነ። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ማያ አንጀሉ ይህን አጥብቃ ተቃወመች፤ ጽሑፉም በ2013 ከድንጋዩ ላይ ተፋቀ። የሚገርመው፣ በ2015 ለራሷ ለማያ አንጀሉ የወጣው የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ የታተመው፣ ስለ ወፍ መዝሙር የሚናገር ጥቅስ የእሷ አልነበረም፤ ጆአን ዎልሽ አንግሉንድ በ1967 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው።

የማጣራቱ ሥራ እንዲህ ይሄዳል።

ከአባባሉ ውስጥ ለየት ያሉ ከ5 እስከ 7 ተከታታይ ቃላት ይምረጡ፤ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ። ስሙን አብረው አያስገቡ፤ ስም ሲገባ ስሕተቱን የሚደግሙ ገጾች ብቻ ይመጣሉ። የተተረጎመ ጥቅስ ከሆነ መጀመሪያ በዋናው ቋንቋ ይፈልጉት። ከዚያ በመጻሕፍት ፍለጋ (ጎግል ቡክስ) ውስጥ ዓመቱን ገድበው ይሞክሩ፦ ተናገረ የተባለው ሰው ከሞተ በኋላ ባሉ መጻሕፍት ብቻ የሚገኝ ከሆነ መጥፎ ምልክት ነው። ዊኪኮት በሚባለው ድረ ገጽ በየሰዉ ገጽ ግርጌ «በስሕተት የተሰጡት» እና «አከራካሪዎቹ» የሚሉ ክፍሎች አሉ፤ ብዙ ሰው ላዩን ብቻ አይቶ ይወጣል፤ ዋናው ጥቅም ግን እዚያ ታች ነው። ኮት ኢንቨስቲጌተር የተባለው የእንግሊዝኛ ድረ ገጽም የአንድን አባባል ታሪክ ወደ ኋላ እየቆፈረ በየዓመቱ ያስቀምጣል።

ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ረዳት የሚያገኙትን ምንጭ እንደ ፍንጭ ብቻ ይያዙት። የመጽሐፍ ስምና የገጽ ቁጥር ጭምር ፈጥሮ ሊሰጥዎት ይችላል፤ ገጹን በዐይንዎ እስካላዩ አይጻፉት።

ጊዜ ለሌለው ሰው የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች አሉ። ቀንና ቦታ፣ መጽሐፍና ምዕራፍ የሌለው። በአንስታይን፣ በጋንዲ፣ በቡድሃ ወይም በኮንፊሽየስ ስም የሚዞር፤ ባለቤት አልባ አባባል ሁሉ ለእነሱ ይሰጣልና። ሶቅራጥስ «ጻፈ» የሚል፤ ሶቅራጥስ ምንም የጻፈው የለም፣ ቃሉን የምናገኘው ከፕላቶንና ከሌሎች ነው። በጥንት ሰው አፍ ውስጥ የገባ የዘመን ቃል፣ ለምሳሌ «ምቾት ቀጣና» ወይም «አዎንታዊ ኃይል»።

የተተረጎመ ጥቅስ ላይ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 4 ቀን 1963 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያሰሙት ንግግር በአማርኛ ነበር። ዛሬ ግን የእንግሊዝኛውን ቅጂ መልሰው ወደ አማርኛ እየገለበጡ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ነው ብለው የሚያሰራጩ አሉ። መጀመሪያውኑ በአማርኛ የተነገረን ቃል ሲያገኙ አማርኛውን ቅጂ ይፈልጉ፤ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ከሆነ የተርጓሚውን ስም ይጻፉ። ራስዎ ከተረጎሙት «ትርጉም የራሴ» ይበሉ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲጠቅሱ ምዕራፍና ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፦ የ1954 ዓ.ም. እትም ይሁን አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይግለጹ፣ አነጋገራቸው ይለያያልና። ከቁርኣን ሲሆን የሱራውና የአንቀጹ ቁጥር ከትርጉሙ እትም ጋር።

ምንጩ ካልተገኘ ጥቅሱን መጣል ግዴታ አይደለም። «ተናጋሪው ያልታወቀ» ብለው ይጻፉና ይያዙት። ያለ ስም የቆመ ሐሳብ በውሸት ስም ከቆመው ይሻላል፤ እንዲያውም ስሙን ካነሡት በኋላ ደስ ማለቱን የሚያቆም ጥቅስ ካለ ምን እንደወደዱለት ያውቁታል።

ከፊትና ከኋላው ያለውን ማንበብ

ምንጩ ሲገኝ ቢያንስ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ አንድ አንቀጽ ያንብቡ። «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» (ፊልጵስዩስ 4፥13) ብዙ ጊዜ ከውድድርና ከፈተና በፊት ይጠቀሳል። ከላዩ ያሉትን ቁጥር 11ና 12 ያነበበ ሰው ግን ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ማሸነፍ እንዳልሆነ ያያል፤ እስር ላይ ሆኖ፣ መጥገብንም መራብንም፣ መትረፍንም መጉደልንም ለመቀበል እንደተማረ ነው የሚጽፈው። ጥቅሱ በዚህ አይቀንስም። ምናልባት ፈተናውን ለወደቀው ሰው ካለፈው ይልቅ ይጠቅመዋል።

አየርላንዳዊው ደራሲ ሳሙኤል ቤኬት በ1983 ካሳተመው ጽሑፍ የተወሰደው «እንደገና ሞክር፣ እንደገና ውደቅ፣ በተሻለ ውደቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በሥራ ፈጣሪዎች ዘንድ የማበረታቻ መፈክር ሆኗል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን ቀጥለው የሚመጡት መስመሮች ወደ ባሰ ውድቀትና እስከ መንገፍገፍ ወደሚያደርስ ድካም ይወርዳሉ። ይህን አውቆ መውደድ ይቻላል። ሳያውቁ ግድግዳ ላይ መስቀል ግን ደራሲው ያላለውን ማስባል ነው። ጥቅሱን ከዐውዱ በተለየ ሁኔታ ለመጠቀም ከወሰኑ ካርዱ ላይ «እኔ የምወስደው እንዲህ ብዬ ነው» የሚል መስመር ይጨምሩ።

ምክንያቱን መጻፍ

የካርዱ ጀርባ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ምክንያት፣ ጊዜውና የማይሠራበት ቦታ። በጠቅላላው ከ40 እስከ 80 ቃል፤ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፍጅ።

ምክንያት ሲጻፍ ሁሉም ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አንድ ነው፦ «ስለሚያበረታታኝ»፣ «ስለምወደው»፣ «ጥልቅ ስለሆነ»። እነዚህ ለየትኛውም ጥቅስ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ለአንዱም አይሠሩም። ጥሩ ምክንያት የሚጀምረው ከጥቅሱ አይደለም፤ ከራስ ልማድ ነው። «እኔ እንዲህ የማድረግ ልማድ አለብኝ፤ ይህ ቃል እዚያ ላይ እንዲህ ያደርገኛል።» ይህን ቅርጽ ለመሙላት የሚረዱ ጥያቄዎች አሉ። ይህን ባለፈው ወር ባውቀው ኖሮ የትኛው ውሳኔዬ ይለወጥ ነበር? ይህን ቃል ለማን መንገር ፈለግሁ፣ ለምንስ ለራሴ አልነገርኩትም? ከየትኛው ቃል ላይ ዐይኔ ቆመ? ሁለተኛው ጥያቄ ሹል ነው። ብዙ ጥቅስ የሚቀመጠው ለሌላ ሰው መልስ እንዲሆን ነው፤ እንዲህ ያለው ካርድ ላይ የራስ ልማድ ለመጻፍ ሲሞከር እጅ ይያዛል። ያ ጥቅስ የእርስዎ አይደለም ማለት ነውና ወደ ተጠባባቂ ሳጥን ይመለስ።

«ጊዜው» የሚለው መስመር ጥቅሱ የሚጠራበትን ሁኔታ ይወስናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ ከሁኔታ ጋር የታሰረ ዕቅድ፣ «እንዲህ ማድረግ እፈልጋለሁ» ከሚል ጥቅል ፍላጎት ይልቅ ወደ ተግባር ይደርሳል። ጥቅስም ያው ነው። ሁኔታው በዐይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ይሁን። «ስበሳጭ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፣ የተበሳጨ ሰው መበሳጨቱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያውቀው፤ «ድምፄ ከፍ ሲል» ይሻላል።

«የማይሠራበት» የሚለው መስመር ለምን እንዳስፈለገ የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች ራሳቸው ያስረዳሉ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላሉ፤ ዞር ብለው ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ በየቦታቸው። አባባል መድኃኒት ቢሆን እንኳ ለማን እንደማይሰጥ መጻፍ አለበት። ተሞልቶ ሲያልቅ አንድ ካርድ ይህን ሊመስል ይችላል፦

አባባል፦ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።
ምንጭ፦ የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገር።
ምክንያት፦ ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ «ሌላ ሰው ያንሣው» ብዬ እተወዋለሁ፤ ሌላ ሰው አንሥቶት ሲመሰገን ግን ቅር ይለኛል። ይህ ቃል ዝምታዬን ትሕትና እያልኩ እንዳልሸፋፍነው ያደርገኛል።
ጊዜው፦ ስብሰባው ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው አንድም ነገር ካልተናገርኩ እጄን አነሣለሁ።
የማይሠራበት፦ ሰው በቁጣ ሲናገረኝ። ያኔ ዝንቧን አስባለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «እኔ ብርቱ ነኝ»፣ «እኔ ተወዳጅ ነኝ» የሚሉ፣ ራስን በራስ የሚያወድሱ ጥቅሶች ለሁሉ አይስማሙም። ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅ ያለ ሰዎች «ተወዳጅ ሰው ነኝ» እያሉ ሲደጋግሙ ካልደገሙት ይልቅ ስሜታቸው ወርዷል። አባባሉ ከሚያምኑት ጋር በጣም ሲራራቅ ውስጥዎ ይከራከረዋል፤ በክርክሩም ጥቅሱ ይሸነፋል። እንዲህ ያለ ቃል ካርድዎ ላይ ካለና ባነበቡት ቁጥር ከከበደዎት ማንነትን ከሚናገረው ወደ አድራጎት የሚጠራውን ይፈልጉ፤ «ብርቱ ነኝ» ከሚለው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሻላል።

ከሳምንት በኋላም ጀርባው ባዶ የሆነ ካርድ ይወገድ። ይህ ደንብ ጥብቅ ነው፤ እሱ ከላላ ሳጥኑ እንደገና እንደ ስልኩ ይሆናል።

በቃል መያዝና ቦታው ላይ ማድረስ

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ምርምር መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጣን እንደሆነና ኋላ ላይ እንደሚዘገይ አሳይቷል። ስለዚህ ክለሳው መጀመሪያ ይቀራረብ፣ ከዚያ ይራራቅ፦ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ30ኛው ቀን። ካርዱን ዝም ብሎ ማንበብ ክለሳ አይባልም። በእጅ ሸፍነው መጀመሪያ ምክንያቱን ይናገሩ፣ ከዚያ አባባሉን። ቅደም ተከተሉ ሆን ተብሎ ነው፤ በሕይወት ውስጥ መጀመሪያ የሚመጣው ሁኔታው ነውና ቃሉ ከእሱ ተስቦ መውጣት አለበት። በ30ኛው ቀን አባባሉን አስታውሰው ምክንያቱን ከረሱ እንደገና ይጻፉት እንጂ አያንብቡት።

ስለ አቀማመጥ፦ ጥቅስ የሚሰቀለው ውሳኔው በሚደረግበት ቦታ ነው። ስለ ገንዘብ የሚናገረው ከቦርሳ ውስጥ፣ ስለ ንዴት የሚናገረው ከስልኩ ጀርባ፣ ስለ እንቅልፍ የሚናገረው ከአልጋው ራስጌ። ግድግዳ ላይ ያለ ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ የግድግዳው አካል ይሆናል፤ ዐይን ያልፈዋል። በየሁለት ሳምንቱ ቦታውን ወይም ካርዱን ይቀይሩ። የኮምፒውተር መነሻ ገጽ ላይ ማድረግ ደግሞ ከሁሉ የደከመው ነው፣ ከመስኮቶቹ ሥር ተሸፍኖ ይውላልና።

ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪሊየስ በጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ አንድ አንድ አባባል ማስቀመጥ ልማዱ ነበር፤ ብዙውን የሚወስደው ከተቀናቃኝ የፍልስፍና ወገን፣ ከኤፒኩሮስ ነው። በ33ኛው ደብዳቤ ላይ ግን ሉኪሊየስ ተጨማሪ ጥቅስ ሲጠይቀው እንቢ አለው፤ ዕድሜው የበሰለ ሰው ከማስታወሻ ደብተር ጠቢብ መሆኑ ያሳፍራል፣ የራሱን የሚናገርበት ጊዜ ደርሷል ብሎ። ይህን ወደ ሥራ ስንለውጠው፦ አንድ ካርድ ሦስት ወር ከሠራ በኋላ ሐሳቡን በራስዎ አንድ ዐረፍተ ነገር ከሥሩ ይጻፉ። የራስዎ ቃል ከጥቅሱ በፊት ወደ አፍዎ መምጣት ከጀመረ ካርዱ ከ12ቱ ይውጣና ለሌላው ቦታ ይልቀቅ።

ማውጫ፣ በፊደላችን

ካርዱ ከ40 ሲያልፍ፣ ተጠባባቂውን ጨምሮ፣ ማውጫ ያስፈልጋል። ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1686 ለማስታወሻ ደብተር የሚሆን የማውጫ ዘዴ አሳትሞ ነበር፦ ርእሱን በመጀመሪያው ፊደልና ቀጥሎ ባለው አናባቢ መለየት፣ ሁሉንም በሁለት ገጽ ሰንጠረዥ ማስገባት። በአማርኛ ይህ ይበልጥ ይቀልላል፤ እያንዳንዱ ፊደል አናባቢውን ይዞ ነውና። 33ቱን የፊደል ቤተሰቦች ወደ ታች፣ ሰባቱን እንዚራን ወደ ጎን አድርገው ሰንጠረዥ ያስምሩ፤ «ተስፋ» ከ«ተ» ሥር፣ «ቁጣ» ከ«ቁ» ሥር ይገባል፣ አጠገቡም የካርዱ ቁጥር። ርእስ የሚሆነው ጥቅሱ የሚጠራበት ሁኔታ ነው እንጂ የተናጋሪው ስም አይሁን፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ትዝ ቢልዎት ኖሮ ማውጫውን ባልከፈቱ።

ችግር የሚፈጥረው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሐዘን፣ ሀዘን፣ ኀዘን እየተባለ ይጻፋል፤ ሥራና ስራ፣ ዓላማና አላማ፣ ፀጋና ጸጋም እንዲሁ። በወረቀት ማውጫ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀን በአንድ ረድፍ፣ ሠንና ሰን በአንድ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ ጋር ያዋሕዱ፤ 33ቱ ረድፎች ወደ 28 ይወርዳሉ። በስልክ የያዘ ሰው ግን ይበልጥ ይቸገራል። ፍለጋው ብዙ ጊዜ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ አያይምና «ሥራ» ብለው የጻፉትን «ስራ» ብለው ሲፈልጉ የለም ይላል። መፍትሔው የጥቅሱን ፊደል ምንጩ እንደጻፈው መተው፣ ከግርጌ ግን አንድ የርእስ ቃል ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፍ ነው፤ ለምሳሌ ርእሶች በሙሉ በሀ፣ በሰ፣ በአና በጸ ብቻ።

ለሌላ ሰው ሲሰጥ

ምክንያቱ የግል ስለሆነ የካርዱ ጀርባ ለማንም አይላክም፤ ከፊት ያለው ብቻ፣ ከነምንጩ። ሲያሳጥሩት የተዘለለውን ቦታ በሦስት ነጥብ ያሳዩ፤ ቅድመ ሁኔታ የሚያመጡትን «ከ»፣ «ካል» እና «ግን» በምንም ምክንያት አይቁረጡ፣ የኪንግ ድንጋይ የተሳሳተው በዚያ ነው። ላዘነ ሰው ጥቅስ ከመላክ በፊት መደወል ይቀድማል።

በየሦስት ወሩ 12ቱን ካርዶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ከባለፈው ግምገማ ወዲህ ይህ ካርድ አንድ ጊዜ እንኳ ተጠርቷል? ካልተጠራ ሁለት ሊሆን ይችላል። ወይ «ጊዜው» የሚለው መስመር በደንብ አልተጻፈም፣ ያኔ እሱን አስተካክለው አንድ ተጨማሪ ዙር ይስጡት፤ ወይ ልማዱ ተለውጧል፣ ያኔ ይውጣ። የወጣውን ካርድ አይቅደዱት። ጥግ ላይ የወጣበትን ቀንና ምክንያቱን በአንድ መስመር ጽፈው ከሳጥኑ ጀርባ ያድርጉት፤ ያው ጥቅስ ከዓመታት በኋላ በሌላ ምክንያት ሊመለስ ይችላል፣ ያን ጊዜ አዲስ ካርድ ላይ እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ምንጩን ግን ዳግመኛ ማጣራት አያስፈልግም።